ሎኮሞቲቩን ሳይጨምር

ባቡር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ሕፃን እንኳ ሦስት የክብሪት ቀፎ በክር አሥሮ እየጎተተ «ባቡር መጣ፣ ዞር በሉ» ይላል። የላይኛው ባቡር ጣቢያ ተረኛ ሠራተኛ ግን ይህን ጨዋታ ብታይ፣ ከመጨረሻው ቀፎ ጀርባ ቀይ ነገር መለጠፉን ሳታረጋግጥ ዞር አትልም። በባቡር ቤት ደንብ ባቡርን ባቡር የሚያሰኘው ርዝመቱ ወይም ጭነቱ አይደለም። ከፊቱ ሎኮሞቲቭ፣ ከመጨረሻው ጀርባ ደግሞ ቀይ ክብ ቆርቆሮ ሊኖረው ይገባል። ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን «ጅራት» ይሉታል። ጅራት የሌለው እንደሆነ መቶ ፉርጎ ቢጎትትም ባቡር አይባልም፤ ቀሪው የት እንዳለ የማይታወቅ ጎዶሎ ነገር ነው። ጅራት ካለው ደግሞ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ቢሆንም ባቡር ነው፣ ሙሉ ክብር ይገባዋል።

ይህ ሥራ ፈት ሰው ያወጣው ወግ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። ታችኛው ጣቢያ ባቡር ሲልክ የፉርጎውን ቁጥር በስልክ ይናገራል። ባቡሩ ላይኛው ጣቢያ ሲገባ ተረኛዋ መድረኩ ላይ ቆማ ትቆጥራለች፣ ጅራቱን በዓይኗ ታያለች፣ ከዚያ ስልኩን አንሥታ «ሙሉ ሆኖ ደርሷል» ትላለች። እነዚህ ሦስት ቃላት እስኪባሉ ድረስ መስመሩ የተያዘ ነው፤ ሌላ ባቡር አይገባበትም። አንድ ፉርጎ ተቆርጦ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ መንገደኛ የጫነ ባቡር ቢላክበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ተረኛዋ ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። የጭነት ባቡር ሾፌሮች በሌለችበት «እሜቴ ጅራት» ይሏታል። ታውቃለች፣ አትቆጣም። ሥራውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ የታችኛው ጣቢያ ተረኛ ናቸው። በመካከላቸው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሐዲድና አንድ ስልክ አለ፣ በዚያ ስልክ ላይ ግን አባትና ልጅ የሚባል ነገር የለም። እሳቸው «ላይኛው ጣቢያ» ይሏታል፣ እሷ «ታችኛው ጣቢያ» ትላቸዋለች፤ «እንዴት አደርሽ» እንኳ የለም። ናፍቆት ካለ ለእረፍት ቀን ይቀመጣል። «ይህ ስልክ የሐዲዱ ነው፤ እኛ ስንቀባጥርበት ሐዲዱ ምን ይናገርበት?» ይሉ ነበር ሲያስተምሯት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሠሩ አንድ ስሕተት አልተመዘገበባቸውም። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቷቸዋል።

ያን ዕለት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነበሩ።

«የጭነት ባቡር ወጥቷል። ባዶ ፉርጎ፣ ሠላሳ አንድ። ጅራት አለ።»

መዝገቡ ላይ ጻፈች። ከጣቢያው ጋር በተያያዘው ቤታቸው ውስጥ ልጇ ቀሚሷን ለሦስተኛ ጊዜ እየተኮሰች ነበር።

ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው። የባቡር ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና በሦስት ዓመት አንዴ ይሰጣል፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሰው አይፈተንም። ስለዚህ ይህ ካለፋት አለፋት፣ ሌላ የለም። ፈተናው ከተማ ነው፤ በሩ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የመንገደኛው ባቡር ከላይኛው ጣቢያ አንድ ሰዓት ከአሥር ተነሥቶ፣ በታችኛው ጣቢያ በኩል አልፎ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ከተማ ይገባል። ልጅቷ «በዋዜማው ልሂድና ልደር» ብላ ነበር። እናትየው ናት «ምን በወጣሽ የሰው ቤት ታድሪያለሽ? ይህ ባቡር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሃያ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ አያውቅም» ያለቻት። ሰው በገዛ አፉ የሚታሰረው እንዲህ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ የጭነቱ ባቡር እየተንቋቋ ገባ። የመንገደኛው ባቡር በሁለተኛው ሐዲድ ላይ ተሰልፎ፣ መንገደኛው ተሳፍሮ፣ መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ልጅቷ ከአክስቷ የተዋሰችውን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ እርሳሶቿን በመሐረብ ጠቅልላ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ተረኛዋ መድረኩ ላይ ቆማ እንደ ልማዷ በጣቷ ጭኗን እየነካች ቆጠረች። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ከሠላሳኛው በኋላ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። የሠላሳኛው ጀርባም ባዶ ነው፤ ቀይ ቆርቆሮ የሚሰቀልበት መንጠቆ ብቻ ይታያል።

ባቡሩ ሲቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደች፣ ፉርጎውን አንድ በአንድ በእጇ መታ መታ እያደረገች እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ።

«ምነው እህቴ፣ የጠፋ ዘመድ የምትፈልጊ መሰልሽ?» አለ የጭነቱ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ጅራትህ የለም።»

«ወድቋላ። የመጀመሪያው ነው እንዴ?»

«ፉርጎም ይጎድልሃል። ሠላሳ አንድ ይዘህ ነው የወጣኸው።»

ሾፌሩ ወረቀቱን አወጣ። ባዶ ፉርጎ ዝርዝር የለውም፣ ድምሩ ብቻ ነው የሚጻፈው። እዚያም በአባቷ በተስተካከለ እጅ ጽሑፍ «ሠላሳ አንድ» ይላል። ሾፌሩ ራሱን አከከ።

«ፉርጎ ቢቆረጥማ ፍሬኑ ራሱ ይይዘኝ ነበር» አለ።

«መያዝ ነበረበት። ካልያዘስ?»

ተረኛዋ ወደ ቢሮዋ ገብታ ስልኩን አነሣች። «ታችኛው ጣቢያ፣ የጭነቱ ባቡር ሠላሳ ሆኖ ነው የገባው። ጅራት የለውም። ቁጥሩ ይደገምልኝ።»

«ሠላሳ አንድ» አሉ አባቷ ሳያመነቱ። «ጅራቱም ሲወጣ ነበረ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እንግዲህ ሒሳቡ ይገጥማል፣ ክፉኛ ይገጥማል። አንድ ፉርጎ ከጎደለ የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፤ ጅራቱም የተሰቀለው እሱ ላይ ነው። ጅራቱን እንደያዘ ዘጠኙ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ቦታ ሐዲዱ ላይ ቆሟል ማለት ነው። እነዚያን ሦስት ቃላት አልተናገረችም። «መስመሩ እንደተያዘ ነው፤ በእግር ይፈተሽ» አለችና ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ሰዓቱን አየች፤ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

ከዚህ በኋላ የሆነው የትም ጣቢያ የሚሆነው ነው። አፍ ዳገት አይፈራም። ትኬት ቆራጩ መጣ፣ አንድ ቆብ ያደረገ ነጋዴ መጣ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ነጋዴው አለቃዋን እንደሚያውቅ፣ የአለቃዋን አለቃም እንደሚያውቅ ነገራት። እሷ ሁሉንም በጨዋ ደንብ ሰማችና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የጭነቱ ሾፌር ግን ደግ ሰው ነውና መላ ያመጣ መሰለው።

«ሎኮሞቲቩን ፈትቼ፣ ፉርጎውን እዚህ ትቼ፣ ቀስ እያልኩ ልመለስና ልይልሽ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ባቡር አይባልም፤ ብቻውን ነው የሚሄደው።»

«ጅራት ሰቅለህ ልትሄድ ነው ሳትሰቅል?»

«እሰቅላለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ብቻውንም ቢሆን ባቡር ነው። ባቡር ደግሞ ወደተያዘ መስመር አልልክም።»

ሾፌሩ ወደ ትኬት ቆራጩ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። «እሜቴ ጅራት» ያለው ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቷ።

ልጅቷ የገባችው ሌሎቹ ሲወጡ ነው። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋበት ቆመች።

«እማዬ፣ በናትሽ። ሾፌሩ ወድቋል እያለሽ ነው።»

«ቆርቆሮው ሊወድቅ ይችላል። ቁጥሩ ግን አይወድቅም።»

«አንድ ጊዜ! ባሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ብትለቂው ምን ይሆናል?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«አንቺ እናት አይደለሽም» አለች ልጅቷ። «አንቺ ደንብ ነሽ። ደንብ ነው የወለደኝ።»

እናትየው የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ ልጅቷ ልክ ሳትሆን እንዳልቀረች ፈራች። በዋዜማው ሄዳ ብታድር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አትሂጂ ያለቻትም እሷ ናት። ያም ሆኖ የተናገረችው ሌላ ነው።

«እዚያ ባቡር ላይ ስልሳ ሦስት ሰው አለ። አንዷ አንቺ ነሽ።»

ከደጅ የነጋዴው ድምፅ ይሰማል፤ አሁን የአለቃዋ አለቃ አለቃ ላይ ደርሷል። ከዚያ ልጅቷ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፣ በሌላ ድምፅ።

«በእግር ሲፈተሽ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ከአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ሁለት ሰዓት። አያትሽ ከዚያ በኩል መስመር ፈታሻቸውን ልከዋል። የኛው ጥርሱን ሊያስነቅል ከትናንት ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነው።»

«ከሁለቱም በኩል ከሆነስ?»

«ግማሹ።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

እናትየው አየቻት። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች። ማንም ሰው ሳይመዘገብ በተያዘ መስመር ላይ አይሄድም፤ ይህም ደንብ ነው። የልጇን ስም ጻፈች። «የሥራ ድርሻ» በሚለው ዓምድ ላይ ብዕሯ ትንሽ ቆመ፤ ባዶ መተው አይቻልም። «መስመር ፈታሽ፣ ለዛሬ» ብላ ጻፈችና ልጅቷን አስፈረመቻት። ብርቱካንማውን ሰደርያ አለበሰቻት፣ ቀይ ባንዲራ ሰጠቻት። ወደ እግሯ ስታይ ግን የአክስትየው ጫማ በጠጠር ላይ መቶ እርምጃ እንደማይሄድ ገባት። ተቀምጣ የገዛ ቦት ጫማዋን ፈታች። አንድ ቁጥር ይሰፋል። ጫፉ ላይ ያረጀ የባቡር የሰዓት ሰሌዳ ወረቀት ጠቀጠቀችበትና ልጇን አጫማቻት፣ ክሩንም ራሷ አሰረችላት፣ እንደ ድሮው፣ የአንደኛ ክፍል ጊዜ እንደምታደርገው።

«ሐዲዱንም ግራና ቀኙንም እያየሽ። መካከል ላይ ያለው የማቋረጫው ኬላ ጋ ስትደርሺ ከዚያ ስልክ ደውዪልኝ። አትሩጪ።»

የቀራት ጫማ የአክስትየው ብቻ ነው። አጠለቀችውና መድረኩ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን የላይኛው ጣቢያ ተረኛ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ እየተውረገረገች ዋለች። የጭነቱ ሾፌር አይቶ አፉን በእጁ ያዘ፣ ደግነቱ አልሳቀም።

መጠበቅ ከሥራ ሁሉ የከፋ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ልጇን ልካ ስታበቃ ሌላ ፍርሃት መጣባት። ፉርጎው ካለስ? ቁልቁለት ላይ በአንድ ጠጠር ተደግፎ ቢሆንስ? አጠገቡ ስትደርስ ቢንቀሳቀስስ? ስልኩን አየችው፣ ስልኩም አያት። አንድ ጊዜ አባቷን ልታዋራ እጇን ዘረጋችና መለሰችው፤ የሐዲዱ ስልክ ነውና። ነጋዴው ከነቆቡ መድረኩ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል። የሚያውቃቸው አለቆች ሁሉ በሕልሙ ሳይመጡለት አልቀሩም።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ከማቋረጫው ኬላ ተደወለ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ እያለከለከች። ሮጣለች ማለት ነው። «ፉርጎ የለም። የአያቴ ፈታሽም እዚህ ደርሷል፣ በዚያም በኩል የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው ያረፈድነው። ጅራቱን ግን አግኝቼዋለሁ፣ መታጠፊያው ጋ ሣር ውስጥ ወድቆ። ይኸው በእጄ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናትየው፤ ልጅቷ ደህና መሆኗን ብቻ ነበር የሰማችው። ከዚያ ነው ሌላው ነገር የመጣባት። ፉርጎ ከሌለ፣ ሠላሳ አንዱ ከየት መጣ?

ኬላው አጠገብ እንድትጠብቅ ነገረቻትና ታችኛው ጣቢያን ጠራች። «መስመሩ ተፈትሿል፣ ነጻ ነው። ጅራቱ ወድቆ ተገኝቷል። ፉርጎ ግን አልተገኘም። ማለዳ ሲቆጠር እንዴት እንደተቆጠረ ይነገረኝ።»

«እንደተለመደው ነዋ» አሉ አባቷ። «መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ሎኮሞቲቩ አንድ፣ ቀጥሎ ያለው ሁለት…»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ቆመ።

ድሮ፣ አባቷ ሥራ ሲጀምሩ፣ ሎኮሞቲቩም አብሮ ይቆጠር ነበር። ደንቡ ከተለወጠ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በአዲሱ ደንብ ሲቆጥሩ ኖረው፣ በዚያች አንዲት ማለዳ አፋቸው ወደ ድሮው ተመለሰ።

«አባባ» አለች ልጃቸው። በዚያ ስልክ ላይ እንዲህ ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይህ ስልክ የሐዲዱ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። «መስመሩን ልቀቂ።»

«ሙሉ ሆኖ ደርሷል» አለች። ሠላሳ ፉርጎ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ጅራቱ በልጇ እጅ። የመንገደኛው ባቡር ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሣ፤ ሾፌሩም ኬላው ጋ ቆሞ መስመር ፈታሿን እንዲያሳፍር የጽሑፍ ትእዛዝ ይዟል። ተረኛዋ የመጨረሻውን ሠረገላ ጅራት እስኪጠፋ አየችና ተቀምጣ አሰላች። ከከተማው በፊት የሚቆምባቸው ሰባት ጣቢያዎች አሉ። የሚገባው አራት ሰዓት ከሃምሳ ነው፣ በሩ ከተዘጋ ከሃያ ደቂቃ በኋላ። ደግማ አሰላች፤ ያው ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን የፈተናውን ማስታወቂያ ቀድዳ ጣለችና ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ ታችኛው ጣቢያ ደወለ። አባቷ የመንገደኛው ባቡር ሙሉ ሆኖ መድረሱን ነገሯት። ስልኩን ግን አልዘጉም።

«ላይኛው ጣቢያ። ልጅቷን መዝገብ ላይ አስገብተሻታል?»

«ሳላስገባት እንዴት ትሄዳለች?»

«የሥራ ድርሻዋን ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«መስመር ፈታሽ፣ ለዛሬ።»

«ለዛሬ» አሉ አባቷ ቃሉን እያጣጣሙ። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ግቢዬ ውስጥ አንድ ሎኮሞቲቭ አለ። ከሰዓት በኋላ ከተማ ለጥገና ሊሄድ የነበረ ነው። ማዘዣ ክፍሉን ጠይቄ አሁኑኑ ይነሣ ብለውኛል፤ ጥገና ቤቱ ቢፈጥንለት ደስ ይለዋል። ብቻውን ነው የሚሄደው፣ የትም አይቆምም። በሎኮሞቲቭ ላይ ከሾፌሩ ሌላ ማን ይሳፈራል ይላል ደንቡ?»

ተረኛዋ ቀና አለች። ደንቡን እንደ ስሟ ታውቀዋለች።

«በሥራ ላይ ያለ የባቡር ሠራተኛ ብቻ።»

«መዝገብሽ ምን ይላል?»

«ሠራተኛ ናት ይላል።»

«እኔም እንዲያ ነው የመሰለኝ» አሉ ሽማግሌው። «ጅራት ብቻ ይጎድለው ነበር፤ የኔ ትርፍ ጅራት በጭነቱ ባቡር ሄዶ። እሱንም ይዛው መጥታለች። አሁን ራሷ እየሰቀለችው ነው።»

ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሌላኛው ስልካቸው ዞሩ፤ ከእሳቸው ወዲያ ላለው ጣቢያ ሲናገሩ ከሩቅ ሰማቻቸው። ቃላቸውን አንድ በአንድ፣ መዶሻ እንደሚመታ ሰው እየለዩ ነበር የሚናገሩት። «ባቡር ወጥቷል። ፉርጎ፣ ዜሮ። ዜሮ ነው የምልህ፣ ሎኮሞቲቩን ሳይጨምር። ጅራት አለ።»

በዚያ ማለዳ በመስመሩ ላይ ያሉ ተረኞች ሁሉ፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ፣ ባዶውን የሚሮጥ ሎኮሞቲቭ እያዩ፣ ጀርባው ላይ ቀይ ቆርቆሮ መኖሩን እያረጋገጡ «ሙሉ ሆኖ ደርሷል» ተባባሉ። አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ወሬው በተቃራኒው ተመልሶ ላይኛው ጣቢያ ደረሰ። የባቡር ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለከተማው ጣቢያ ነግሮ፣ የከተማው ለሌላው፣ ሌላው ለአባቷ፤ አንዲት ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ልጅ፣ ፊቷ ጥቀርሻ፣ እግሯ ላይ ቦት ጫማ፣ በሩ ሊዘጋ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ገብታለች። ተረኛዋ ስልኩን አስቀመጠችና የአክስትየውን ጫማ አውልቃ ተረከዟን አሸች። ተልጧል።

የቀረው ሪፖርቱ ነው። የመንገደኛ ባቡር ሰባ ደቂቃ ሲዘገይ ምክንያቱ ይጻፋል። «ጅራት ወድቆ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሐሰት አይደለም። ማንም አይመረምረውም። የሠላሳ ስምንት ዓመት ንጹሕ መዝገብ ነው፣ ሁለት ወር ብቻ የቀረው። ብዕሯን አንሥታ አስቀመጠች፣ አንሥታ አስቀመጠች። በመጨረሻ ስልኩን አነሣች፤ ምን እንደምትል ግን አላወቀችም።

«ሪፖርቱ ነው አይደል?» አሉ አባቷ።

«አዎ።»

«እንደሆነው ጻፊ።»

«ሁለት ወር ነው የቀረህ…»

«እንደሆነው ጻፊ አልኩሽ። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፤ እኔን አታሳፍሪኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስቆጥር ‹ልጅቷ ዛሬ ትፈተናለች› እያልኩ ነበር፤ ምነው አፌን በያዘው ኖሮ። እኔው ላስቀራት ነበር።»

እንደሆነው ጻፈች። ከሳምንት በኋላ ለአባቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣና መዝገባቸው ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። «ደግ ነው» አሉ ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ። «ባዶ መዝገብ ያየ ሰው ‹በዚህ ቦታ ሰው አልነበረበትም› ነው የሚለው።» ይህን ያሉት ግን በእረፍት ቀናቸው፣ በልጃቸው ቤት ተቀምጠው ነው፤ በስልኩ አይደለም።

ፈተናው በተሰጠበት ዕለት አመሻሽ ላይ ግን የማታው ጭነት ሲነሣ ስልኩ ጮኸ። «ሃያ ስድስት» አሉ አባቷ። ከዚያ ጨመሩ፤ «ሎኮሞቲቩን ሳይጨምር።» ደንቡ እንዲህ እንዲባል አያዝም፣ እሳቸው ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለእያንዳንዱ ባቡር እንዲሁ አሉ። እሷም ቆጠረች፤ ሃያ ስድስት፤ ጅራቱም አለ። «ሙሉ ሆኖ ደርሷል» አለች። ስልኩ ግን አልተዘጋም።

«ልጅቷስ?» አሉ ሽማግሌው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቁትን የስልክ ደንብ በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ መጣሳቸው ነበር።

«ደርሳለች እኮ። ተፈትናለች። ስለ ባቡር አንድም ነገር አልጠየቁኝም አለች፣ ስለ አንድ ነጋዴና ስለ ጨርቁ ሜትር ነው የጠየቁኝ ብላ እየሳቀች ነግራኛለች። ዛሬ እዚያው አድራ ነገ ትመጣለች።»

«ታዲያ ደርሳለች ምን ያሰኝሻል? ጅራቷን አይተሻል?»

ተረኛዋ ሳቀች። «አላየሁም» አለች።

«እንግዲያ ስታዪ ንገሪኝ።»

በማግሥቱ የመንገደኛው ባቡር ከታችኛው ጣቢያ ተነሣ። «ስድስት ሠረገላ፣ ሎኮሞቲቩን ሳይጨምር፣ ጅራት አለ» አሉ አባቷ። ተረኛዋ በዚያው በሚጠብባት ጫማ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ሌላ ጫማ የላትም። ሎኮሞቲቩ አለፈ፣ አልቆጠረችውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከስድስተኛው ጀርባ ቀዩ ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ከቆርቆሮው አጠገብ፣ የመጨረሻው በር ላይ፣ ልጇ በእናቷ ቦት ጫማ ቆማለች። ባቡሩ ገና ሳይቆም ዘላ ወረደች፣ ይህም በደንብ የተከለከለ ነው፤ ሮጣ መጥታም እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ የትናንቱን ቃሌን ይቅር በዪኝ» አለቻት በጆሮዋ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እናትየው፤ ልጇን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ እየጎተተቻት ወደ ቢሮ ገባች። ስልኩን አነሣች። ልጇን ከራሷ እስከ ቦት ጫማዋ አየቻት።

«ታችኛው ጣቢያ» አለች። «ሙሉ ሆኖ ደርሷል።»